ለግራ ዓይን የታሰረ ማነጣጠሪያ

ጣይባ ቴሌስኮፗን ይዛ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በወረደች ቀን የሚኒባሱ ረዳት «የቧንቧው ባለቤት! ቧንቧው የማነው?» እያለ መናኸሪያውን በጩኸት አናወጠው። ጣይባ ቧንቧ የሚባል ዕቃ ያላት ስላልመሰላት ቦታዋን ይዛ ዝም ብላለች። ደግሞ ሲጮህ ነው ነገሩ ገብቷት እጇን ያወጣችው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ረዳቱ አልተሳሳተም። የቴሌስኮፑ ገላ ነጭ የፍሳሽ ቧንቧ ነው። ውስጡን ጥቁር ቀለም ቀብታ፣ ከበስተግርጌው አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዋ ያገኘችላትን ጎድጓዳ መስታወት ገጥማ፣ ከአፉ አጠገብ ጎኑ ላይ ዓይን የሚደቀንበትን ትልቁን ሌንስ ሰክታ፣ ከሳንቃ የሚሽከረከር መቀመጫ አሠርታ ቴሌስኮፕ ያለችው እሷ ናት። በእርግጥም ቴሌስኮፕ ነው። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲታሰር ግን ከቧንቧ የሚለየው ነገር እንደሌለ እሷም ማመን ነበረባት።

ጣይባ ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። ቴሌስኮፑ ከተሠራ ወዲህ አመሻሽ ላይ ግቢው ውስጥ ታቆመውና ተማሪውንም አስተማሪውንም ታሰልፋለች። የተሰለፈው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ «ዋው!» ይላል፣ ለተረኛው ይለቃል። በሁለት ዓመት ውስጥ «አላየሁም» ያላት አንድ ሰው አልነበረም። ሰው በዚህ ቢኮራ ማን ይፈርድበታል?

ያን ቀን ወደ ኮምቦልቻ ያስወረዳት ግን የአባቷ ጉዳይ ነው።

አባቷ ጋሽ ጣሀ ኮምቦልቻ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሽመና ክፍል፣ ማሽን ላይ እንዳቀረቀሩ ነው ለጡረታ የበቁት። አንገታቸውም እንዳቀረቀረ ቀረ። ወደ ታች እሺ ይላል፤ ወደ ላይ ግን በጭራሽ። ቀኝ ዓይናቸውን ደግሞ ሞራ ጋርዶታል። ይሄ ሁሉ ከመምጣቱ በፊት በዚያ ሰፈር ጨረቃ ማየት ማለት ጋሽ ጣሀ ማለት ነበር። ረመዳን ሊገባ ሲል ሽማግሌዎቹ ዛሬም ድረስ ከመስጊዱ ኋላ ያለችው ጉብታ ላይ ይወጣሉ። የጾሙ መግባት በቴሌቪዥንም በስልክም እንደሚነገር አጥተውት አይደለም። ቢሆንም ጨረቃዋን በዓይን ሳያዩ መጾም ለነሱ ሙሽራዋን ሳያዩ ከሰርግ እንደ መመለስ ነው። ያኔ እዚያ ጉብታ ላይ የሽማግሌዎቹ አውራ ሸህ ሙሄ «ጣሀ፣ ምን ትላለህ?» ይላሉ። ጋሽ ጣሀ ካዩ አየሁ፣ ካላዩ አላየሁም ይላሉ፤ በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ቃላቸው ተሳስቶ አያውቅም።

አምና ግን ሌሎቹ «ያቻት! ያቻት!» እያሉ በጣት ሲጠቋቆሙ ጋሽ ጣሀ አንገታቸውን ቀና ለማድረግ ታግለው ታግለው አቃታቸው። ሸህ ሙሄ አዩአቸውና እንዳያሳፍሯቸው ብለው ሳይጠይቋቸው ቀሩ። ክፋት የለበትም፤ አዘኔታ ነው። ነገር ግን አዘኔታ ከስድብ የሚብስበት ጊዜ አለ። ጋሽ ጣሀ ከዚያ ቀን ወዲህ «ዓይኔ ከድቶኛል» ብለው ስለ ጨረቃ ማውራት እርግፍ አድርገው ተዉ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሌላው ሰማዩን እያየ ሲጫወት እሳቸው መሬት መሬቱን እያዩ ቤታቸው ይገባሉ። ጣይባ ይሄን ስታይ፣ የዘንድሮውን የረመዳን ጨረቃ አባቷ በገዛ ዓይናቸው አይተው፣ እንደ ድሮው ተጠይቀው፣ እንደ ድሮው እንዲመሰክሩ ቆርጣ ተነሳች።

ለመለማመጃ ይሆን ዘንድ አንድ ወር ቀድማ፣ ከረመዳን በፊት ያለው የሻዕባን ወር ጨረቃ ብቅ ባለች ማግስት ነው የወረደችው። መግሪብ ተሰግዶ ሽማግሌውም ጎረቤቱም ጉብታዋ ላይ ወጣ። ጨረቃዋ ከምዕራቡ ተራራ በላይ ቀጠን ብላ በባዶ ዓይንም ትታያለች። ጣይባ ተንበርክካ ፊቷን ከቧንቧው ጋር አጣበቀችና በማነጣጠሪያው ትፈልጋት ጀመር።

ይሄ ማነጣጠሪያ የሚባለው ነገር የታሪካችን ሁሉ ጣጣ ስለሆነ ቶሎ እንተዋወቀው። ቴሌስኮፕ ሩቅ ያያል እንጂ ሰፊ አያይም። በትልቁ ሌንስ ሰማይ ላይ ጨረቃን መፈለግ በበር ቀዳዳ አጮልቆ ሰኞ ገበያ መሀል ሰው እንደ መፈለግ ነው። ስለዚህ ጎኑ ላይ ሰፋ አድርጎ የሚያይ ትንሽ መነጽር ይታሰራል። መጀመሪያ በትንሹ ይፈለጋል፣ ሲገኝ ወደ ትልቁ ሌንስ ዞር ይባላል። የጣይባ ማነጣጠሪያ ከተሰበረ የሩቅ ማያ መነጽር የተረፈ አንዱ ጎን ነው። ኢንተርኔት ላይ ባየችው ፎቶ ላይ እንዳለው፣ የቧንቧው አናት ላይ በሁለት ብሎን ጥርቅም አድርጋ አስራዋለች።

ጨረቃዋን አገኘቻትና «ተራ በተራ!» አለች። ጋሽ ጣሀ እንግዳ ይቅደም ብለው ወደ ኋላ ቀሩ። ሸህ ሙሄ ጎንበስ አሉ፤ «ማሻአላህ! አየሁ» አሉ። የጋሽ ጣሀ ጎረቤት እትዬ ፋጡማ ተከተሉ፤ «ወላሂ ቁልጭ ብላለች!» አሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ አየ፣ ተደነቀ፣ ጣይባን መረቀ።

በመጨረሻ ጋሽ ጣሀ ተጠጉ። ቀኝ ዓይናቸው ስለማያይ ግራውን ወደ ሌንሱ ሊያስጠጉ ሲሉ ጉንጫቸው ቧንቧውን ገጨው። ወዲያ ዞሩ፤ አፍንጫቸው ማነጣጠሪያውን መታው። ጎንበስ አሉ፣ ደግሞ ሊያቃኑ ሞከሩ፣ ትንፋሻቸው እስኪሰማ ድረስ ታገሉ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል።

«አዩ አባ?» አለች ጣይባ።

«አላየሁም።»

ጣይባ እንደገና አነጣጥራ አስተካከለችላቸው። እንደገና ሞከሩ።

«አሁንስ?»

«አላየሁም።»

እትዬ ፋጡማ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣ ሹክ ያሉ መስሏቸው፣ ጉብታው ላይ ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ «አየሁ ይበሏት እንጂ ጋሼ! ልጂቱ ከደሴ ድረስ ተሸክማ መጥታ!» አሉ።

«ፋጡማ» አሉ ጋሽ ጣሀ፣ «ጨረቃ ላይ አየሁ ማለት ምስክርነት ነው። ለልጄ ደስታ ብዬ አልመሰክርም።»

ጣይባ ለሦስተኛ ጊዜ ስታነጣጥር ጨረቃዋ ከተራራው ኋላ ገባች። ወደ ቤት ሲወርዱ ጣይባ ተቀይማ ቧንቧዋን አቅፋ ከፊት ከፊት ትሄዳለች። ሰው ሁሉ ባየበት የገዛ አባቷ፣ ያውም በሰው ፊት! ቂሟ አግባብ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ማወቋ ግን አላበረደላትም።

«አብሽሪ የኔ ልጅ» አሏት አባቷ በመጨረሻ። «ደግሞስ አንቺ ፈልገሽ አግኝተሽ፣ እኔ አፉ ውስጥ እንደሚጎረስለት ሕፃን ባይ ምን ዋጋ አለው? ያ ያንቺ ምስክርነት ነው። ያየ ሰው ራሱ ፈልጎ ነው የሚያገኘው።»

በማግስቱ ጠዋት ዕቃዋን ስትጠቀልል እትዬ ፋጡማ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ወደ ውስጥ ተመለከቱ፣ ወደ ውጭ ተመለከቱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ትስቂብኛለሽ እንጂ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔም ትናንት ያየሁት ጥቁር ነገር ነው።»

«ምን? ቁልጭ ብላለች አላሉም እንዴ?»

«ታዲያ ሸህ ሙሄ አየሁ ካሉ እኔ ማን ነኝና አላየሁም ልበል? አንገቴን ከማጣመሜ በቀር አንዳች ያየሁት የለም፤ በነቢ!»

«ሸህ ሙሄስ?»

«እሳቸውማ ቀድመው በባዶ ዓይናቸው አይተዋታል። አየሁ ቢሉ ምን ውሸት አለው?»

ጣይባ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ስትወጣ፣ መኪናው በየመታጠፊያው ሲያጉረመርም፣ አንድ ጥያቄም አብሮ ያጉረመርምባት ጀመር። እትዬ ፋጡማ ካላዩ፣ ሌሎቹስ? ተማሪዎቹስ? ሁለት ዓመት ሙሉ «ዋው» ያለው ያ ሁሉ ሰው ምኑን ነው ዋው ያለው? ደሴ እስክትደርስ ድረስ አንድ ዘዴ አስባለች። ትንሽ ተንኮል አለበት፤ ግን ለእውነት ሲባል የተሠራ ተንኮል ነው።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቴሌስኮፑን ግቢው ውስጥ አቆመችና ወደ ጁፒተር አዞረችው። የቧንቧው አፍ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ግን አላነሳችም። ከዚያ በአጠገቧ የሚያልፈውን ምክትል ርዕሰ መምህር ጠራችው። ወንድምአገኘሁ ይባላል፤ ደግ ሰው ነው፣ ማንንም ማስከፋት አይወድም። ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ጎነበሰ። ትንሽ ቆየና፦

«ኧረ የጉድ ነው! ያ ዙሪያውን ያለው ቀለበቱ ነው አይደል?» አለ።

ጣይባ ሳቋን ዋጠች። በሷ ቴሌስኮፕ የሚታይ የጁፒተር ቀለበት የለም። ቢኖርም በፕላስቲክ ክዳን አያልፍም። እጁን ይዛ ወደ ቧንቧው አፍ ወሰደችው።

ወንድምአገኘሁ ክዳኑን አየ። ጣይባን አየ። ተመልሶ ክዳኑን አየ። ከዚያ ጎኑን ይዞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ገደልሽኝ! ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ አየሁ ሲል እኔ ብቻ ላለመቅረት ብዬ ነዋ! እውነቱን ልንገርሽ? እኔ እዚህ ቴሌስኮፕ ላይ አንገቴን አጣምሜ፣ ወገቤን ይዤ ነው ሁልጊዜ የምሄደው። አንድ ነገር ብልጭ ሲል ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም የጥበቃው ባትሪ ነበር።»

ጣይባ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አብራው ሳቀች። ከሳቁ ስር ሀፍረት ነበረበት፤ ሁለት ዓመት የኮራችበት ነገር በአንድ ክዳን ተገለጠ። ከሀፍረቱ ስር ግን ሌላ ነገር ብቅ አለ። ዓይናቸው ጤነኛ የሆነ ሰዎች እንኳ ካላዩበት፣ የአባቷ ግራ ዓይን ከዳ የሚባለው በምን ማስረጃ ነው? ይሄን ስታስብ ደስ አላት፤ ተነስታ ልብሷን አራገፈች።

ቅዳሜ ጠዋት ፎጣ ጠቅልላ አንገቷ ላይ እንደ ቀንበር አሰረች፤ ቀና ማለት እንዳትችል አገጯን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። በቀኝ ዓይኗ ላይ ጥጥ አድርጋ ፕላስተር ለጠፈችበት። ቤት አከራይዋ ወይዘሮ ይታይሽ በረንዳ ላይ ሲያገኟት ክው ብለው «በማርያም! ማን መታሽ ልጄ?» አሉ። ማንም እንዳልመታት፣ አባቷን ሆና እየሞከረች እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከመች። ይታይሽ ያመኑ አይመስሉም፤ ትኩስ ሻይ አምጥተውላት ሄዱ።

እንደዚያ ሆና በገዛ ቴሌስኮፗ ጦሳ ተራራ ላይ ያለውን የኔትወርክ ማማ ልታይ ሞከረች። አቤት ጭንቅ! ማነጣጠሪያው አናቱ ላይ ስለሆነ በሱ ለማየት አንገት መቅናት አለበት። አንገቷ ሳይቀና ወገቧ ተንጋደደ። ግራ ዓይኗን ልታስጠጋ ስትል ጉንጯ ቧንቧው ላይ ተለጠፈ፤ አፍንጫዋ የት እንደሚገባ ጠፋው። እንደምንም በማነጣጠሪያው ማማውን ብታገኘውም፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ሌንስ ለመዞር መነሳት፣ መዞር፣ እንደገና መጎንበስ ነበረባት፤ ያን ስታደርግ ደግሞ ክንዷ ቧንቧውን ነካውና ማማው አመለጠ። ያኔ ነው ሁሉም የተገለጠላት። ቴሌስኮፑን የሠራችው ራሷን ለክታ ነው። ለቀኝ ዓይን፣ ለወጣት ጉልበት፣ እንደ ልብ ለሚታዘዝ አንገት። ሌላው ሰው የሷን ልብስ ተውሶ እንደ መልበስ ነበር የሆነበት፤ ከይሉኝታው ብዛት ደግሞ ጠበበኝ የሚላት ጠፋ።

ብሎኖቹን ፈታች። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጥበብም አይባል፣ ትዕግሥት ነው። በርጩማ አምጥታ፣ ፎጣዋን እንዳሰረች ተቀመጠች። መነጽሩን በላስቲክ አስራ ቧንቧው ላይ ወደፊት ገፋችው፣ ወደኋላ ሳበችው፣ ወደ ጎን አዞረችው። በየቦታው ዓይኗን ታስጠጋለች፣ የት ላይ እንደሚያማት ታዳምጣለች። ምቾት ማለት እሷ ሳትሄድ እቃው ወደ ዓይኗ ሲመጣ መሆኑን ቀስ በቀስ ተረዳች። አንገቱ ወደ ታች ብቻ እሺ ካለ፣ ማነጣጠሪያው ወደ ታች ይታይበት! የኪስ መስታወት ሰብራ ቁራጩን ካርቶን ላይ አጋድማ ለጠፈች፤ መነጽሩን ቀጥ አድርጋ ከበላዩ አቆመች። አሁን በመነጽሩ ቁልቁል ስታይ መስታወቱ ፊት ለፊት ያለውን ተራራ ያሳያታል። ተራራው ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ ማማው እንደ ሌሊት ወፍ ተሰቅሏል። ግን ይታያል! አንገቷን ሳታንቀሳቅስ ጥርት ብሎ ይታያል። ትልቁንም ሌንስ ወደ ላይ እንዲያይ ቧንቧውን አዞረችና መነጽሩን ከሱ በስተግራ፣ ግራ ዓይን አንድ ጊዜ ወደ ጎን ፈቀቅ ሲል የሚደርስበት ቦታ ላይ አደረገችው።

ካርቶኑን ይዛ ዳምጤ ዘንድ ሄደች። ዳምጤ መቀመጫውን የሠራላት አናጺ ነው፤ ውብ ነገር ይወዳል። ያመጣችውን አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ጎን ላይ የተንጠለጠለ ነገር ያስጠላል። አናቱ ላይ መሀል በመሀል ቢሆን ነው የሚያምር።»

«አምሮ ነበር ዳምጤ። ሰው ግን አላየበትም።»

ዳምጤ እየተነጫነጨ ከዋንዛ እንጨት እግር ሠራለት፣ መስታወቱን አጋድሞ የሚይዝ ቤት ቀረጸለት፣ ቧንቧው ላይ ሰው እንዳይደገፍ ብሎ ከራሱ አስቦ የበር እጀታ ጨመረበት። አሮጌዎቹን የብሎን ቀዳዳዎች ጣይባ በፕላስተር ደፈነች። ከዚያ ማነጣጠሪያውና ትልቁ ሌንስ አንድ ነገር ላይ እስኪስማሙ ድረስ ከማማው ጋር ስትታገል ዋለች።

ሻዕባን ሊያልቅ፣ ረመዳን ሊገባ የሚጠበቅበት ቀን ሲደርስ ኮምቦልቻ ወረደች። ጋሽ ጣሀ ግን አልወጣም አሉ።

«በሰው ፊት ደግሜ ላሳፍርሽ?»

«አያሳፍሩኝም። ካላዩ አላየሁም ይበሉ። አባ፣ እስካሁን እውነቱን የነገሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ጋሽ ጣሀ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ከዚያ ኮፍያቸውን አጠለቁ።

ጉብታዋ ላይ ሰው ከሻዕባኑ ይበልጣል። ወጣቶቹ ስልካቸውን እያዩ ወሬ ይጠብቃሉ፤ ሽማግሌዎቹ ምዕራቡን ያያሉ። አድማሱ ላይ አቧራ ቢጤ አለበት። ጣይባ ቴሌስኮፑን አቆመችና በርጩማውን አስቀመጠች፤ ክዳኑን ግን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ እስክትጠልቅ ድረስ አላነሳችም፤ በቴሌስኮፕ ፀሐይ ማየት ዓይን ማጥፋት ነው። መግሪብ እዚያው ተሰገደ። ከሶላት በኋላ ጋሽ ጣሀ በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ እጀታውን ያዙ፣ ያንኑ ያቀረቀረ አንገታቸውን ሳያቃኑ ግራ ዓይናቸውን ወደ ማነጣጠሪያው አወረዱ።

«ውይ! ተራራው ተገልብጧል!»

«ሁሉም ነገር ይገለበጣል አባ። ሰማዩ ከታች ነው።»

ጉንጫቸው ምንም አልነካም። አፍንጫቸውም ቦታ አገኘ። ጣይባ ይሄን ስታይ ግማሽ ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ግማሹን ያዘችው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደችና እጆቿን ከጀርባዋ አቆላለፈች። አትነካም። ከነካች የሷ ምስክርነት ይሆናል።

ጋሽ ጣሀ ቧንቧውን ቀስ አድርገው ወደ ግራ ወሰዱ፣ ትንሽ ከፍ አድርገው ወደ ቀኝ መለሱ። ማሽን ላይ የተበጠሰ ክር እንደሚፈልግ ሰው ነበር የሚፈልጉት፤ ሳይቸኩሉ፣ አንዱን መስመር ጨርሰው ወደ ሌላው። ሰማዩ ከብርቱካንማነት ወደ ሐምራዊነት እየሄደ ነው። በባዶ ዓይን የሚያዩት «የለችም» ማለት ጀመሩ። አንዱ «አቧራው ነው» አለ። ሌላው «ዛሬ እንኳ የለችም፤ እንውረድ» አለ። ጣይባ ውስጧ ተቃጠለ። ጨረቃዋ አለች፤ ስልኳ የት አካባቢ እንደሆነች ያሳያታል። ግን ቀጭን ናት፣ ጊዜዋም አጭር ነው።

የጋሽ ጣሀ እጅ ቆመ።

ጭንቅላታቸውን አንዴ ወደ ጎን ፈቀቅ አድርገው ዓይናቸውን ትልቁ ሌንስ ላይ አሳረፉ። እዚያው ቀሩ። እስትንፋሳቸው እንኳ አይሰማም። ሸህ ሙሄ አዩአቸው። በትራቸውን እየተመረኮዙ መጡና አጠገባቸው ቆሙ።

«ጣሀ፣ ምን ትላለህ?»

አምና ያልተጠየቁት ጥያቄ ነበር።

«አየኋት።»

«ቀንዷ ወዴት ነው?»

«ወደ ታች።»

ጉብታዋ ላይ ጉርምርምታ ተነሳ። ፀሐይ በጠለቀችበት በኩል የምትታይ ለጋ ጨረቃ ቀንዷ ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ይሄን እዚያ የቆመ ሽማግሌ ሁሉ ያውቃል። አንዱ ራሱን ነቀነቀ። እትዬ ፋጡማ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጣይባ «መስታወቱ ነው!» ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ተመልሳ ዘጋችው። ለምስክር ቃል አያቀብሉትም።

«ቆይ ሸህ ሙሄ» አሉ ጋሽ ጣሀ፣ ዓይናቸውን ከሌንሱ ሳያነሱ፣ ድምፃቸው ሳይናወጥ። «ትንሿ መነጽር ውስጥ ተራራውም ተሰቅሎ ነው ያለው። ይሄ ዕቃ ያሳያል እንጂ ቀና አያደርግም። ተራራውን ወደ ቦታው ስመልሰው ጨረቃዋም አብራ ትመለሳለች። ቀንዷ ወደ ላይ ነው። ወላሂ አይቻታለሁ፤ እመሰክራለሁ።»

ሸህ ሙሄ ጎንበስ ብለው ራሳቸው ሊያዩ ሞከሩ። ቆየት አሉ። ሰው ሁሉ የለመደውን «ማሻአላህ» ሲጠብቅ፣ ቀና አሉና «እኔ አላየሁም» አሉ። ከኋላ ሳቅ ያመለጠው አለ። ሸህ ሙሄ አልሳቁም።

«እኔ አላየሁም። ጣሀ ግን አይቷል። የጣሀን ቃል ደግሞ እናውቀዋለን። እጃችሁን አንሱ።»

ስልኮቹ ገና ምንም አላሉም። እጆች ሁሉ ተነሱ። ሸህ ሙሄ ዱዓ ሲያደርጉ፣ ከ«አሚን»ኑ ሁሉ መሀል ጣይባ የአባቷን ድምፅ ለየችው፤ እየተቆራረጠ ነበር የሚወጣው። እሷም ማልቀሷን ያወቀችው ከንፈሯ ላይ ጨው ሲሰማት ነው።

ሰው እየተሳሳቀ፣ እየተመራረቀ ሲበታተን ሄዳ አጠገባቸው ተንበረከከች። ጋሽ ጣሀ ከበርጩማው አልተነሱም። የእንጨቱን እግር፣ መስታወቱን፣ ብሎኖቹን በጣታቸው እየዳበሱ ነበር።

«ዓይኔ የከዳኝ መስሎኝ ነበር» አሏት ቀስ ብለው። «ለካ አንገቴ ኖሯል።»

«አንገትዎም አይደለም አባ። እኔ ነኝ ብሎኑን ያለ ቦታው ያሰርኩት።»

ጋሽ ጣሀ እጇን ስበው ያዙና ደጋግመው ሳሙት።